«አልቻልኩም» በስንት ይተረጎማል?

«ጋሼ፣ ‹ትችላለች› በስፓኒሽ ምን ይባላል?» ብሎ የጠየቀኝ ጀልባ ነጂ ነው። በሳምንት ሁለት ቀን ማታ ማታ፣ እዚሁ ባሕር ዳር፣ ከጣና ዳር ካለች አንዲት ሻይ ቤት ዋርካ ሥር ተሰብስበን ስፓኒሽ እናጠናለን። ተማሪዎቼ አራት ናቸው፤ ሁለት አስጎብኚዎች፣ አንዲት የሆቴል እንግዳ ተቀባይና እሱ። ክፍያዬ ሻይ ነው፤ ጀልባ ነጂው ሲቀናው ደግሞ ቆሮሶ ይዞልኝ ይመጣል። ቱሪስቱ ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ መጀመሪያ በኮሮና፣ ኋላም በጦርነቱ ምክንያት እንደ ቀድሞው አልሆነም፤ ልጆቹ ግን አንድ ቀን ይመጣል ብለው ያጠናሉ። እኔም አንድ ቀን ይመጣል ብዬ አስተምራለሁ።

«ፑዌዴ» አልኩት። ደብተሩ ላይ ጻፋት። ለምን እንደፈለጋት የገባኝ ኋላ ነው። ጥቂት ስፔናውያን እንግዶች አግኝቶ ኖሮ ደረቱን ነፍቶ «ላ ላንቻ ፑዌዴ ዶሴ ፔርሶናስ» ይላቸዋል። ጀልባዋ አሥራ ሁለት ሰው ትችላለች ማለቱ ነው። እንግዶቹ እርስ በርስ ተያዩና ሳቁ። ለእነሱ ጀልባ ሰው አትችልም፤ ሰው ነው ጀልባዋ ውስጥ የሚበቃው፣ እሱም በሌላ ግስ ነው የሚነገረው። ልጁ ተናዶ መጣ። «አልቻለችም እንዴ ታዲያ? አሥራ ሁለት ሰው ጭኜ ዘጌ ደርሼ አልተመለስኩም?» አለኝ። እውነቱን ነው። ጥፋቱ የሱ አልነበረም፤ የኛው «ቻለ» ነው ጉዱ።

እስቲ አስቡት። ጀልባ ሰው ትችላለች። ልጅ ሒሳብ ይችላል። በትግል የጣለ ጓደኛውን ይችለዋል። ሴትየዋ የባሏን አመል ትችላለች፤ ያልቻለች ቀን ሻንጣዋን ታነሣለች። ዝናብ ሊዘንብ ይችላል። ሥራ የያዘ ልጅ ራሱን ችሏል ይባላል። እግዚአብሔር ሁሉን ቻይ ነው። ሰውም «ቻይ» ይባላል፤ ያን ጊዜ ግን ኃይለኛ ማለት አይደለም፤ የሚበደል፣ የሚታገሥ፣ ችሎ የሚያልፍ ማለት ነው። ከግዕዙ «ክህለ» የወረደ አንድ ቃል ጉልበቱንም መከራውንም አብሮ ተሸክሟል። የስፓኒሹ «ፖዴር» ጉልበቱን ይወስድና መከራውን ይተወዋል። ሁሉን ቻይ ለማለት «ቶዶፖዴሮሶ» ይላሉ፤ እዚህ ድረስ ከኛ ጋር ናቸው። ታጋሹን ሰው ግን በዚህ ግስ አይጠሩትም።

እኔ ይህን ግስ የተማርኩት ኩባ ነው። አባቴ ወታደር ነበር፤ በ1970 ዓ.ም. በኦጋዴን ጦርነት ሞተ። በተከታዩ ዓመት፣ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ሳለሁ፣ የሰማዕታት ልጆች ተብለን ወደ ኩባ ከተላኩት በሺሕ ከሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን ሕፃናት አንዱ ሆንኩ። ያረፍነው ከዋናው ደሴት በስተደቡብ ባለችው፣ ቀድሞ የጥዶች ደሴት ትባል በነበረችውና ያን ሰሞን የወጣቶች ደሴት በተባለችው ነው። ከአንጎላ፣ ከሞዛምቢክና ከሌላም አገር የመጡ ልጆች በየትምህርት ቤታቸው ነበሩ። ግማሽ ቀን እንማራለን፣ ግማሽ ቀን የብርቱካንና የግሬፕፍሩት እርሻ ውስጥ እንሠራለን። አማርኛና የአገራችንን ታሪክ የሚያስተምሩን መምህራን ከኛው አገር አብረውን ሄደው ነበር።

ፖዴርን መጀመሪያ ያየሁት በግስነቱ አይደለም። ኑዌቫ ሄሮና በምትባለው ከተማ ግድግዳ ላይ «ፖዴር ፖፑላር» የሚል በትልቁ ተጽፎ አነበብኩ። የሕዝብ ሥልጣን ማለት ነው። ስለዚህ ለእኔ ፖዴር ሥልጣን ነበር፤ መኪና ያለው፣ ማኅተም ያለው ነገር። መምህርታችን ሰሌዳው ላይ «መቻል» ብላ ስታስረዳን ግራ ገባኝ። ደግሞ እኔ ቤት «መቻል» የኳስ ቡድን ስም ነው! አባቴ የጦሩን ቡድን በድሮ ስሙ መቻል እያለ ነበር የሚጠራው። (ቡድኑ ብዙ ጊዜ በሌላ ስም ኖሮ ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ወደ መቻልነቱ ተመልሷል፤ አባቴ ይህን ባየ!)

ያቺን መምህርት አልረሳትም። አጭር፣ ጠይም፣ ድምፀ ጎርናና ነበረች። ፑዌዶ፣ ፑዌዴስ፣ ፑዌዴ፣ ፖዴሞስ፣ ፑዌዴን እያለች ታስዘምረናለች። እችላለሁ፣ ትችላለህ፣ ይችላል፣ እንችላለን፣ ይችላሉ። በመካከሉ አንዷ ለምን «ፖ» ሆና እንደቀረች ጠየቅናት። «ጭነቱ ሲያርፍባት ‹ኦ› ተሰብራ ‹ዌ› ትሆናለች፤ ‹እኛ› ሲባል ግን ጭነቱ ወደሚቀጥለው ክፍለ ቃል ስለሚያልፍ አትሰበርም» አለችን። ቀጥላም ብቻውን የሆነ ይሰበራል፣ አብሮ የሆነ አይሰበርም ብላ ሰዋስዉን ሶሻሊስት አደረገችው። እስካሁን ለልጆቹ እንደዚያው ነው የማስተምራቸው፤ ሶሻሊዝሙን ትቼ።

አንድ እሑድ ባሕር ዳርቻ ወስዳን «ሳቤስ ናዳር?» አለችኝ። ዋና ታውቃለህ ወይ ማለቷ ነው። እኔ የጣና ልጅ! ደንገል ታንኳ ላይ ያደግሁ! «ፑዌዶ!» አልኳት። እችላለሁ። «እሱንማ ትችል ይሆናል፤ እጅ እግርህ ጤነኛ ነው፤ ግን ታውቃለህ?» ብላ ሳቀችብኝ። በእነሱ ቋንቋ ተምሮ ያገኙት ነገር «ሳቤር» ነው፣ ማወቅ። ፖዴር ደግሞ ሁኔታው ሲፈቅድ ነው፤ ዋና እያወቅህ ክንድህ ከተሰበረ አትችልም። በእኛ ዘንድ ሁለቱም ዋና መቻል ነው። ሄጄ ዘልዬ ገባሁ። ጨው መሆኑን ረስቼ አፌን ከፍቼ ነበር የገባሁት።

ሌላም አለ። እንግዳ ቤት ሲደርስ እኛ «ቤቶች!» እንላለን። እነሱ በሩን ገፋ አድርገው «ሴ ፑዌዴ?» ይላሉ፤ ይቻላል? ለመግባት ይቻላል ወይ ነው። ኀይሌ ገብረ ሥላሴ «ይቻላል» ሲል በሬዲዮ በሰማሁ ቁጥር የምትመጣብኝ ያቺ የበር ላይ ጥያቄ ናት፤ ኀይሌ የአንድን ሰው በር ገፋ አድርጎ ራሱ የመለሰ ይመስለኛል። «ኖ ሴ ፑዌዴ» ደግሞ ክልክል ነው ማለት ነው። ክብራን ገብርኤል ደሴት ሴት አትገባም፤ እንግዶች ይዤ ስሄድ ሴቶቹን ጀልባ ላይ ማስቀረት የኔ ዕዳ ነው። «ኖ ፑዌዴን ኤንትራር» እላቸዋለሁ፤ መግባት አይችሉም። አንድ ጊዜ አንዲት ዕድሜዋ የገፋ ሴትዮ እግሯን አንሥታ አሳየችኝና «እኔስ እችላለሁ፤ ያልቻላችሁት እናንተ ናችሁ» አለች። መልስ አልነበረኝም። ሌሎቹ ወንዶች ሲገቡ እኔ ከሷ ጋር ጀልባው ላይ ቀረሁ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ፤ ስሸሸው ቆየሁ መሰለኝ።

ፖዴር ያለፈ ጊዜው ሁለት ነው። «ፑዴ» እና «ፖዲያ»። ፑዴ ሞከርኩ፣ ሆነልኝ ነው። ፖዲያ ደግሞ በዚያን ጊዜ እችል ነበር ነው፤ አድርጌው ይሁን አላድርገው ግስዋ አትናገርም። በአሉታ ሲሆን ልዩነቱ ይብሳል። «ኖ ፑዴ» ሞክሬ፣ ታግዬ አልሆነልኝም። «ኖ ፖዲያ» የምችልበት ሁኔታ አልነበረም፤ ስለመሞከር ዝም።

ልጆቹን ይህን ሳስተምር ምሳሌ የማመጣው ከማዶ፣ ከጎርጎራ ነው። ፔድሮ ፓኤዝ የሚባል ስፔናዊ የኢየሱሳውያን ቄስ፣ በመንገድ ላይ ተይዞ የመን ውስጥ ለዓመታት ታስሮ ከኖረ በኋላ በ1603 (እ.ኤ.አ.) ኢትዮጵያ ገባ። እኔ ፖዴርን እንደተማርኩት እሱም ግዕዝና አማርኛ ተማረ፤ እዚሁ ጣና ዳር ቁጭ ብሎ ቻለ፣ ይችላል፣ ችሎ እያለ ሲያጠና ይታየኛል። በ1618 የዓባይን ምንጭ ግሽ ላይ አየ፤ በ1622 ጎርጎራ ሞተ። የኢትዮጵያን ታሪክ የጻፈው ግን በፖርቱጋልኛ ነው። አፄ ሱስንዮስን ካቶሊክ አደረጋቸው። ንጉሡም አገሩን ሁሉ ካቶሊክ ሊያደርጉ ተነሡ፤ ስንት ደም ፈሰሰ፤ በመጨረሻ በ1632 ሃይማኖቱን መልሰው ዙፋኑን ለልጃቸው ለፋሲለደስ ለቀቁ። ይህ ነው «ኖ ፑዶ»። ሞከሩ፣ አልቻሉም። ኖ ፖዲያ ብትሉት ታሪኩ ሁሉ ይጠፋል።

አማርኛም ቢሆን «አልችልም ነበር» አለው፤ የለውም አልልም። ግን ማን ይለዋል? «ለምን ልቅሶ ሳትደርስ ቀረህ?» ስንባል «አልቻልኩም» ነው መልሳችን። ታምመን አልጋ ላይ ውለን ከሆነ አልቻልኩም፤ ካርታ ስንጫወት አምሽተን ከሆነም አልቻልኩም። ጠያቂውም አይመረምርም፤ «ምን ይደረግ» ብሎ ያልፋል። መልካም ቋንቋ ነው ለሰነፍ። እኔ ይህን ስንፍና ይዤ ነው ስፓኒሽ ውስጥ የገባሁት።

ኩባ አሥራ ሦስት ዓመት ኖርኩ። እርሻ አጠናሁ። እዚያው ደሴት ላይ ከአንዲት ልጅ ጋር ተዋደድን፤ በ1981 ዓ.ም. ሴት ልጅ ወለድን። ከዚያ ሶቪየት ኅብረት ወደቀች፣ ኩባ ዳቦም ነዳጅም ጠፋ፤ እዚህ ደግሞ ግንቦት 1983 መንግሥት ተለወጠ። የላከን መንግሥት የለም። በ1984 ተመለስኩ። ልጄ የሦስት ዓመት ልጅ ነበረች። ለእናቷ «አንድ ዓመት፤ ሥራ ልያዝ፣ ከዚያ እወስዳችኋለሁ» አልኳት። «ፑዌዴ ሴር» አለችኝ፤ ሊሆን ይችላል። አላለቀሰችም።

ባሕር ዳር ስገባ እናቴን ያገኘኋት ያው ቤት ውስጥ ነው። ባሏ ሞቶባት፣ ልጇ ባሕር ተሻግሮባት፣ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ በፈረቃ እየሠራች ሁለት እኅቶቼን አሳድጋለች። «እንዴት ሆነሽ ኖርሽ?» ብዬ ጠየቅኋት። እጇን እንኳ ከቡናው አላነሣችም። «ቻልኩት» አለችኝ።

ይህችን ቃል ወደ ስፓኒሽ ለመመለስ ብዙ ማታ አስቤአለሁ። ግሱን ብቻውን ብታስቀምጠው አይሆንም። «ፖዴር ኮን» የሚል አለ፤ «ከ...ጋር መቻል» እንደማለት ነው፤ ሸክምን፣ ሰውን፣ ችግርን ተቋቁሞ መርታት። የኛ «ት» የያዘችውን እነሱ በ«ኮን» ይይዙታል። ለጀልባ ነጂውም ይህን ነው የነገርኩት፤ «ፑዌዴ ኮን ዶሴ» በል፣ ቢያንስ አይስቁብህም። የእናቴን ግን «ፑዴ ኮን ኤሎ» ብለው አሸናፊ ትመስላለች። እናቴ አላሸነፈችም፤ ተሸከመች።

አንድ ዓመቱ አለፈ። በመጀመሪያው ዓመት አራት ደብዳቤ ላክሁ፤ ሁለት መልስ መጣ። ቀጥሎ ደብዳቤው ተመናመነ፤ በ1988 ቆመ። እዚህ አገባሁ፤ ሁለት ወንዶች ልጆች ወለድኩ። ባለቤቴ ከመጋባታችን በፊት ሁሉን ታውቃለች፤ «ልጅህን ፈልጋት» ያለችኝ እሷ ናት፣ አንዴ ሳይሆን ብዙ ጊዜ። እኔም «አልቻልኩም» እላት ነበር። በአማርኛ።

በ2010 ዓ.ም. በፌስቡክ አንድ መልእክት መጣ። «ፑዌዴ ሴር ኬ ኡስቴድ ሴአ ሚ ፓድሬ» ይላል። አንቱ አባቴ ሊሆኑ ይችላሉ። በአንቱታ፣ በ«ይችላል»። ከታች ፎቶ አለ። የእናቴ ግንባር ነው።

ነርስ ሆናለች፤ ስፔን፣ ቫሌንሲያ ትኖራለች። ደወልኩላት። ለጥቂት ሳምንታት ስለ አየር ጠባይና ስለ ሥራ ተጨዋወትን፤ ሁለታችንም በአንቱታ። አንድ ማታ ግን ድንገት ወደ አንተ ወረደችና «ኖ ፑዲስቴ፣ ኦ ኖ ኪሲስቴ?» አለችኝ። አልቻልክም፣ ወይስ አልፈለግህም?

«ኖ ፖዲያ» አልኳት። ወዲያው ነው የወጣችው፤ የኖርኩባት ቃል ናትና።

ዝም አለች። ከዚያ ቀስ ብላ «ኖ ፖዲያስ» ብላ ደገመችው፤ እንደ መምህርት። «ፔሮ፣ ሎ ኢንቴንታስቴ?» ሞክረሃል ግን? «ሞክረህ ቢሆን ኖሮ ኖ ፑዴ ትል ነበር» አለችና ስልኩን ዘጋች። አሥራ ሦስት ዓመት የተማርኩት ቋንቋ ነው፤ በሰዋስው ስህተት አላመካኘሁም። ስህተትም አልነበረም። ምላሴ ከኔ ይልቅ ታማኝ ሆኖ ነው።

ያን ሌሊት ዓመቶቹን አንድ በአንድ አወጣኋቸው። በ1985 እውነትም አልችልም ነበር፤ ደመወዝ የለኝም። በ1995 ግን ከስፔን እንግዶች ጋር አንድ ክረምት ሙሉ ሠርቼ ገንዘብ ያዝኩ፤ ቤቱን ቆርቆሮ አለበስኩበት። እዚያው ክረምት አንዲት እንግዳ ወደ ኩባ እንደምትሄድ ነግራኝ፣ ታሪኬን ሰምታ ደብዳቤ ስጠኝ፣ በእጄ አደርስልሃለሁ አለችኝ። «ነገ ጠዋት» አልኳት። ማታ ፋኖስ አብርቼ ወረቀት ፊት ተቀመጥኩ። የልጄን ስም ጻፍኩ። ነጠላ ሰረዝ አደረግሁ። ከዚያ በኋላ ያለውን ቃል እስኪነጋ ፈለግሁት። ጠዋት ሴትየዋን ወደብ ላይ አገኘኋትና «ተረሳኝ» አልኳት። ከዚያ ሁሉ ዓመት ውስጥ «ኖ ፑዴ» ልላት የምችለው ያቺን አንዲት ሌሊት ብቻ ነው።

ይህንኑ ጽፌ ላክሁላት። ሁለት ወር መልስ የለም። ከዚያ አንድ ቀን በአጭሩ «ፑዌዶ ኢር?» የሚል መጣ። ልመጣ እችላለሁ? ፈቃድ እየጠየቀችኝ ነው ወይስ መንገዱ፣ ቪዛው ይቻል እንደሆነ? ግስዋ ሁለቱንም ትላለች። በአማርኛ ቢሆን «ልምጣ?» ትለኝ ነበር፤ አውቅ ነበር። ለሁለቱም እንዲሆን «ፑዌዴስ» ብዬ መለስኩ።

ለመጋቢት 2012 ቲኬት ቆረጠች። እኅቶቼ ቤቱን ቀለም ቀቡ። ባለቤቴ ድፎ የሚጋገርበትን ኮባ ቅጠል ሳይቀር አስጠብቃ ነበር። በዚያው ወር ስፔን በኮሮና ተዘጋች፤ እሷም ሆስፒታል ውስጥ ሌሊትና ቀን ሆነች። በደወለችልኝ ጊዜ ጭምብሉ ፊቷ ላይ መስመር አውጥቶበታል። «ኖ ፑዴ፣ ፓፓ» አለችኝ። ልክ ነበረች። ቲኬቱን ገዝታለች፣ ሻንጣውን አዘጋጅታለች፣ አልሆነላትም። ቃሉን በቦታው ሲቀመጥ ሰማሁት። ፓፓ ያለችኝም ያን ዕለት ነው።

ቀጥሎ እዚህ ጦርነት መጣ፤ ለልጆች እናት «ነይ» ለማለት አፌ አልደፈረም። እሷም ሁለት ልጆች አሏት፤ ትልቋ በቪዲዮ ስታየኝ «ጣና ውስጥ ሻርክ አለ?» ብላ ነው የጠየቀችኝ። የለም፤ ጉማሬ አለ አልኳት። ከሻርኩ ጉማሬው የባሰ ደስ አሰኛት።

ስለዚህ ዘንድሮ እኔ ልሂድ አልኩ። በሃምሳ ስምንት ዓመቴ ፓስፖርት አወጣሁ። የባንክ ወረቀት፣ የጋብቻ ወረቀት፣ የግብዣ ደብዳቤ ይዤ አዲስ አበባ ሁለት ጊዜ ተመላለስኩ። ለጣት አሻራ ስጠራ እጄ ላይ የጥንት የግሬፕፍሩት እሾህ ጠባሳ አለና ማሽኑ አላነብ ብሎ አስቸገረ። ከሦስት ሳምንት በኋላ ወረቀቱ ተመለሰ። ተከልክሏል።

ማታ ደወልኩላት። ዋርካው ሥር ነበርኩ፤ ልጆቹ ደብተራቸውን ሰብስበው ሄደዋል፤ ጀልባ ነጂው ብቻ ገመዱን እያሰረ ነው። «ኖ ፑዴ» አልኳት።

ለጥቂት ጊዜ ምንም አላለችም። ውሃው ድንጋዩን ሲመታ በስልኩ ውስጥ የሰማች ይመስለኛል። ከዚያ ወረቀት ስታገላብጥ፣ ብዕር ስትፈልግ ሰማሁ።

«ቆይ» አለችኝ፤ «የጎደለው የትኛው ወረቀት ነው? አንድ በአንድ ንገረኝ፣ ልጻፈው።»